ከካሴት ክር ወደ ቁጥር፦ የቤት ቪዲዮ ታሪክና የቅጂው ጥያቄ

አንድ ጽሑፍ ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ብራና ሲገለበጥ ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ የግእዝ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ጠንቅቀው ያውቁታል። ቁም ጸሐፊው አብነቱን በፊቱ ዘርግቶ ሲጽፍ አንዳንድ ጊዜ መስመር ይዘላል፤ አንዳንድ ጊዜም ስሕተት የመሰለውን ያቃናል፤ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሰው ደግሞ የፊተኛውን ግድፈት ከራሱ ግድፈት ጋራ ደርቦ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በየቤቱ የተከማቸው የቪዲዮ ካሴት ዛሬ በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆሟል። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በልቅሶና በዓመት በዓል የተቀዳው ሥዕል ከመግነጢሳዊ ክር ላይ እየተነሣ ወደ ኮምፒዩተር ቁጥር ይለወጣል፤ ያልተለወጠውም በየቁም ሣጥኑ ውስጥ ማንም ሳያየው እያረጀ ነው። የሕዝብን ልማድና ሥርዐት ለሚያጠና ሰው ይህ የማስረጃ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ካሴቱ እንዴት ወደ ቤት እንደ ገባ፣ ለምን እንደማይቆይና ሲገለበጥ ምን ሊጠፋበት እንደሚችል መመርመር ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሥዕልን በመግነጢሳዊ ክር ላይ መቅዳት ድምፅን ከመቅዳት ይልቅ እጅግ ያስቸገረ ሥራ ነበር። የቴሌቪዥን ሥዕል የሚጠይቀው ድግግሞሽ ከድምፅ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ ክሩ እንደ ድምፅ ቴፕ ቀጥ ብሎ በሄዱ ፊት ይለፍ ቢባል ትልቅ ጥቅል እንኳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቅ ነበር። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የአምፔክስ ኩባንያ ችግሩን የፈታው ክሩን በማፍጠን ፈንታ ሄዱን ራሱን በማሽከርከር ነው። በቻርልስ ጊንስበርግ መሪነት የሠሩት መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም መካከል በኋላ በድምፅ ጥበብ ስማቸው የታወቀው ሬይ ዶልቢ ይገኙበታል፣ አራት ሄዶችን በደቂቃ 14,400 ጊዜ በሚዞር ከበሮ ላይ ተክለው 2 ኢንች ስፋት ያለው ክር በፊቱ እንዲያልፍ አደረጉ። መሣሪያው በኤፕሪል 1956 በቺካጎ በተደረገው የብሮድካስት ሰዎች ጉባኤ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 30 ቀን የሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ዜናውን ከክር ላይ አሰራጨ። ዋጋው ወደ 50,000 ዶላር ይጠጋ ስለ ነበር ከጣቢያዎች በቀር ሊገዛው የሚያስብ አልነበረም።

ክሩም ቢሆን ውድ ነበርና ብዙ ጣቢያዎች አንዱን ዝግጅት እየደመሰሱ ሌላውን ይቀዱበት ነበር። የእንግሊዝ አገር የቢቢሲ ድርጅት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከሠራቸው ዝግጅቶች መካከል አያሌዎቹ የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚገርመው፣ ድርጅቶቹ የደመሰሱትን አንዳንድ ጊዜ የጠበቁት ግለሰቦች መሆናቸው ነው። በፊላዴልፊያ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ማሪዮን ስቶክስ ከ1979 አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2012 ድረስ የቴሌቪዥን ዜናን ቀንና ሌሊት ሲቀዱ ኖሩ፤ የተዉት ካሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን በኋላ ኢንተርኔት አርካይቭ ለተባለው ድርጅት ተሰጥቷል። እንግዲህ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነገር ሁሉ ለባለቤቱ ትዝታ ብቻ የሚጠቅም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስታውስ ይበጃል።

ቪዲዮ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ክሩ በሣጥን ውስጥ ከተከተተ በኋላ ነው። ሶኒ በ1971 ዩማቲክ የተባለውን፣ ፊሊፕስ በ1972 የራሱን ካሴት አወጡ፤ ሁለቱም ይበልጥ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሆነው ቀሩ። ከዚያም ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄ ቪ ሲ በ1976 ቪ ኤች ኤስን ለገበያ አቀረቡ። ስለ ሁለቱ ፉክክር ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ ላይ መድገም አያስፈልግም፤ ቤታማክስ መጀመሪያ የሚይዘው አንድ ሰዓት ሲሆን ቪ ኤች ኤስ ሁለት ሰዓት መያዙና ጄ ቪ ሲ አሠራሩን ለሌሎች ፋብሪካዎች መስጠቱ ፍርዱን እንዳዘነበለው መናገር ይበቃል። በ1988 ሶኒ ራሱ የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻ መሥራት ጀመረ። በአዲስ አበባ ሕዝቡ መሣሪያውን ዴክ ብሎ ጠራው፤ ካሴት የሚያከራየውም ሱቅ ቪዲዮ ቤት ተባለ።

የቪ ኤች ኤስ አሠራር በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ መሠረት ስለ ሆነ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። የግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ክር 62 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ከበሮ ላይ ዘንበል ብሎ ይጠመጠማል። በአውሮፓው የፓል ሥርዐት ከበሮው በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ክሩ በሴኮንድ 2.3 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ይሁን እንጂ ሄዱ ክሩን የሚጠርግበት ፍጥነት በሴኮንድ 4.8 ሜትር ይደርሳል። ሦስት ሰዓት የሚይዘው ካሴት ከ250 ሜትር በላይ ክር አለው። በእያንዳንዱ ዘንበል ያለ መስመር ላይ ግማሽ ሥዕል ይጻፋል፤ ይኸውም በአንደኛው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው፣ በሁለተኛው ሙሉ ቁጥር ያላቸው የቴሌቪዥን መስመሮች ናቸው ማለት ነው። በሴኮንድ 50 እንዲህ ያሉ ግማሽ ሥዕሎች ያልፋሉ። ዋጋው ለቤተ ሰብ እንዲቀል ሲባል የሥዕሉ ጥራት ተቀንሷል፤ ከጣቢያው 5 ሜጋኸርትዝ የሚመጣው ብርሃን ወደ 3 ገደማ ይወርዳል፤ ቀለሙም ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ተጭኖ ለብቻው ይቀዳል። በአሮጌ የሠርግ ካሴት ላይ የሙሽራይቱ ቀሚስ ቀለም ከጠርዙ አልፎ የፈሰሰ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ቀድሞ በቤተ ሰብ እጅ የነበረው የሥዕል መሣሪያ ኮዳክ በ1965 ያወጣው ሱፐር 8 ፊልም ሲሆን፣ 15 ሜትር የሆነው አንድ ጥቅል የሚበቃው ለሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር፤ እርሱም እስኪታጠብ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ከ1983 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ካሜራና መቅጃ በአንድነት የተሠሩ መሣሪያዎች፣ ማለት የሶኒ ቤታሙቪ፣ የጄ ቪ ሲ ትንሹ ካሴትና ቪዲዮ 8 ተከታትለው በወጡ ጊዜ ግን አንድን ሥነ ሥርዐት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መቅዳት ተቻለ። ለልማድ አጥኚ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ፊልም የሚይዘው ሰው ደቂቃ እየቈጠረ የከበረውን ነገር ብቻ ይመርጥ ነበር፤ ቪዲዮ የሚቀዳው ግን ካሜራውን ከፍቶ ስለሚተወው እንግዳው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን ከመቀመጫው እንደሚነሣ፣ የቤቱ እመቤት ማንን በምን ቃል ብይ፣ ጠጪ እንደምትል ሁሉ አብሮ ይገባል። ቀራጩ ሊቀዳው ያላሰበው ነገር ዛሬ ከታሰበው ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጀመረ፤ በቀለም ማሰራጨት የጀመረው በ1984 ሲሆን የተከተለውም የፓልን ሥርዐት ነው። ይህ ውሳኔ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ይምሰል እንጂ ከአብዮቱ በኋላ በብዛት ወደ ውጭ ለወጡት ኢትዮጵያውያን ከባድ መዘዝ ነበረው። በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት ኤን ቲ ኤስ ሲ የተባለው ሥርዐት 525 መስመርና በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ሥዕል ሲኖረው፣ ፓል 625 መስመርና 25 ሥዕል አለው። ካሴቱ ግን በመልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ ለዋሽንግተን የተላከ የእኅት ሠርግ በዴኩ አፍ ያለ ችግር ይገባና ሥዕሉ እየተንከባለለ ወይም ጨርሶ ሳይታይ ይቀራል። ባለቤቱ ሁለቱንም ሥርዐት የሚያነብ መሣሪያ መግዛት ወይም ካሴቱን ለዋጭ ሱቅ ወስዶ ማስገልበጥ ነበረበት። በእስራኤል አገር ይህ ችግር አልነበረም፤ በሜይ 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን የተጓዙበት አገር የሚሠራው በፓል ስለ ነበረ ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት እንደ መጣ ይታያል። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ሴካም የተባለውን የፈረንሳዮች ሥርዐት ትከተል ነበር። አንድ ቤተ ሰብ በሦስት አገር ተበትኖ እንደሆነ አንዱ ሠርግ በሦስት ዓይነት ቅጂ ይገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት የሚገኘው ካሴት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አለመሆኑን አጥኚው ማወቅ አለበት። አገር ቤት ቀራጩ በካሜራው የቀዳው አንደኛው ነው፤ በሁለት ዴክ አስተካክሎ ያቀናበረው ሁለተኛው፤ ለዘመድ የተባዛው ሦስተኛው፤ ወደ ኤን ቲ ኤስ ሲ የተለወጠው አራተኛው። የክር ቅጂ በእያንዳንዱ እርከን ይደክማል፤ ፊት ይደበዝዛል፤ ጽሑፍ ሊነበብ አይችልም፤ የጥለቱ ቀለም ከነጠላው ነጭ ጋራ ይቀላቀላል። የጥበብ ጥለትን ዓይነት በዘመን ለመለየት የሚሻ ሰው አራተኛውን ቅጂ ይዞ ቢመራመር ድካሙ ከንቱ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ካሴት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቀራጩ ገቢው ትንሽ፣ ባዶ ካሴትም ውድ ስለ ነበረ ሥራውን ካስረከበ በኋላ በዚያው ክር ላይ የሌላ ሰው ሠርግ ይቀዳበት ነበር። በካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች መሣሪያው በላዩ ላይ አልቀዳም ይላል፤ ሰዎቹ ግን በቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ክልከላውን ያልፉታል። ፕላስተር የተለጠፈበት ካሴት ሲገኝ ከሚታየው ሥዕል በኋላ፣ በክሩ መጨረሻ ላይ፣ የቀድሞው ቅሬታ ሊኖር ስለሚችል እስከ ጫፉ ድረስ ማየት ይገባል።

የድምፁ ጉዳይ ከሥዕሉ ይልቅ የሚያሳዝንም የሚያስደስትም ነገር አለው። በሠርግ ካሴት ላይ ከሁሉ የከበረው፣ ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ አያቶች የሚሰጡት ምርቃት፣ የሚዜዎቹ ግጥምና በጥሎሽ ጊዜ ሽማግሎች የሚለዋወጡት ቃል ነው። ይሁን እንጂ አቀናባሪው ሥራው እንዲያምርለት ሲል ይህን ሁሉ አጥፍቶ የጊዜውን ዘፈን ከላይ ይጭንበታል፤ ባለቤቶቹም ይህን እንደ ማዕርግ ይቈጥሩት ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እየታየ ምርቃታቸው የማይሰማ አያት በብዙ ካሴት ላይ አሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን ድምፁ አልጠፋም። የቪ ኤች ኤስ ክር ድምፅን የሚይዝበት ሁለት ቦታ አለው። አንዱ በክሩ ጠርዝ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹ አጋማሽ የገባው ሃይፋይ የሚባለው ሲሆን፣ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ባሉ ሄዶች አማካይነት ከሥዕሉ ሥር በክሩ ጥልቀት ውስጥ ይጻፋል። ሥዕሉን ሳይነኩ ዘፈን ለመጫን የሚያስችለው የመሣሪያው ቁልፍ የሚደመስሰው የጠርዙን መስመር ብቻ ነው፤ የሥሩን ድምፅ ሥዕሉን ሳያበላሹ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ካሴቱ ሃይፋይ ባለው መቅጃ ተቀድቶ ዘፈኑ በዚያው ክር ላይ ከተጫነ፣ ዘፈኑን በጠርዙ፣ ምርቃቱን በሥሩ ማግኘት ይቻላል። ቅጂ የሚሠራው ሰው ሁለቱንም መስመር ለየብቻ ካላወጣ ይህ ነገር መኖሩን እንኳ ማንም አያውቅም። ርካሽ በሆነ መሣሪያ የሚገለብጡ ሱቆች አንዱን ብቻ፣ ያውም ዴኩ በራሱ የመረጠውን ያወጣሉ።

የዘመኑ ቈጠራም ጥንቃቄን ይጠይቃል። በካሴቱ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈው 1985 በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከሆነ ጥር ወሩ 1993 ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከሆነ ግን በደርግ ጊዜ የተደረገ ሠርግ ነው። ካሜራው ራሱ በሥዕሉ ማዕዘን ላይ የሚጽፈው ቀን ብዙውን ጊዜ የአውሮፓውያን ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ መሆኑ ግን ምስክርነቱን ያደክመዋል። ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ማመን፣ ባይስማሙ ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚታየውን የመኪና ሰሌዳ፣ የገንዘብ ኖት ወይም የሚዘፈነውን ዘፈን መጠየቅ ይሻላል።

የክሩ ዕድሜ አጭር ነው። መሠረቱ ፖሊስተር የተባለ ፕላስቲክ ሲሆን በላዩ የተቀባው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በማጣበቂያ ተይዞ ነው የሚኖረው። የሚያረጀው በተለይ ማጣበቂያው ነው፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይለሰልስና ዱቄቱ በሄዱ ላይ ይቀራል። በአሜሪካ በ1995 ጆን ቫን ቦገርት ባወጡት የጥበቃ መመሪያ ላይ የመግነጢሳዊ ክር ዕድሜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ተገምቷል። በደጋ የተቀመጠ ካሴት በቆላና በባሕር ዳርቻ ከተቀመጠው ይልቅ ሊቆይ እንደሚችል ግልጽ ነው፤ በደጋውም ቢሆን በክረምት ውሃ የሚያስገባ ቤት ሻጋታን ያመጣል። ሻጋታ ያለበት ካሴት በዴክ ውስጥ ቢገባ ራሱ ከመበላሸቱ በላይ ሻጋታውን በመሣሪያው በኩል ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ያስተላልፋልና አስቀድሞ ተለይቶ በጥንቃቄ መጠረግ አለበት። የተለሰለሰ ክርን በመጠነኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓት በማድረቅ ለጊዜው እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን በዋነኛነት ለአንዳንድ የስቱዲዮ ክሮች የታሰበ የባለሙያ ሥራ ነው። ስሙ መጋገር ስለ ተባለ በቤት ምድጃ የሞከሩት ሰዎች አሉ፤ ካሴት ግን ዳቦ አይደለም።

ከክሩ ይልቅ ቀድሞ የሚያልቀው መሣሪያው መሆኑ በብዙዎች ዘንድ አልታሰበም ነበር። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ በጁላይ 2016 የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻ መሥራቱን አቆመ፤ በዚያው ዓመት በማርች ሶኒም የቤታማክስ ካሴት ማቅረቡን ትቶ ነበር። በዩኔስኮና በዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር አማካይነት በ2019 የተጀመረው ጥናት፣ መግነጢሳዊ ክርን እንደ ልብ ማጫወት የሚቻለው እስከ 2025 ገደማ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። የተባለው ዓመት ደርሷል። ዴኮቹ ከምድር አልጠፉም፤ ነገር ግን የጎማ ቀበቶና የሄድ መለዋወጫ ማግኘት፣ ከዚያም በላይ ክሩ የሚጠመጠምበትን መንገድ በእጁ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ማግኘት በየጊዜው እየከበደ ነው። ቅርስን ለመጠበቅ መጀመሪያ መጠበቅ የሚያስፈልገው የጠጋኙን ሙያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥዕልን ወደ ቁጥር የመለወጥ መሠረት የተጣለው በ1982 ነው። በዚያ ዓመት የዓለም አቀፉ የሬዲዮ አማካሪ ጉባኤ፣ ለባለ 625ም ሆነ ለባለ 525 መስመር ሥርዐት የሚያገለግል አንድ መለኪያ አወጣ፤ ይኸውም የብርሃኑ መጠን በሴኮንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ እንዲለካ የሚያዝ ነው። በዚህ ልክ የፓል መስመር ሁሉ በ864 ክፍል፣ የኤን ቲ ኤስ ሲ መስመር በ858 ክፍል ይመተራል፤ ከእነዚህም የሚታየው በሁለቱም ዘንድ 720 ነው። በካሴት ዘመን የተለያዩት ሁለቱ ሥርዐቶች በቁጥር ዘመን የተገናኙት በዚህች አንድ ቁጥር ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብዙ ነው። አንድ ሰዓት የፓል ሥዕል ሳይጨመቅ ቢያዝ ወደ 75 ጊጋባይት ይሆናል፤ በ1996 የወጣው ዲቪዲ ደግሞ በአንድ ንጣፍ የሚይዘው 4.7 ብቻ ነው። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካሴታቸውን ወደ ዲቪዲ ያስገለበጡ ቤተ ሰቦች ሥራው ያለቀ መሰላቸው እንጂ በእጃቸው የገባው በብርቱ የተጨመቀ ሥዕል ነው። በየሱቁ የተቀዳው ዲስክ ቀለሙ ራሱ የሚያረጅ በመሆኑ ዛሬ አንዳንዱ አይከፈትም። እነዚያ ቤተ ሰቦች ወደ ካሴቱ መመለስ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ግን ዲቪዲው በእጃቸው ሲገባ ካሴቱን ጥለውታል።

ለጥናት የሚሆን ቅጂ ምን መምሰል እንዳለበት መዛግብት ቤቶች ከሞላ ጎደል ተስማምተዋል። በአሮጌ ክር ላይ የመስመሮቹ ጊዜ ስለሚዛነፍ በዴኩና በኮምፒዩተሩ መካከል ጊዜውን የሚያቃና መሣሪያ ይገባል፤ ሥዕሉ በዲጂታል ሲያዝ ምንም ሳይቀነስ ይጨመቃል። ለዚህ የሚያገለግለውና ኤፍ ኤፍ ቪ 1 የተባለው አሠራር በ2021 በይፋ ተመዝግቦ ለማንም ክፍት ሆኗል። ሁለቱ ግማሽ ሥዕሎች እንዳሉ ይቀመጣሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይምሰል እንጂ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በእርሱ ነው፤ ርካሽ መቅጃዎች ከ50ው ግማሽ ሥዕል ውስጥ ግማሹን ጥለው 25 ብቻ ይይዛሉ። ተራ ሰው ልዩነቱን አያየውም፤ እስክስታን የሚያጠና ሰው ግን የትከሻው እንቅስቃሴ ግማሹ እንደ ጠፋበት ወዲያው ይረዳዋል።

ከዚህ የባሰ አዲስ ፈተና በቅርብ ጊዜ መጥቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች የደበዘዘውን ካሴት እንደ ዛሬ ፊልም አጥርተው ያሳያሉ። ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በክሩ ላይ የሌለውን ከወዴትም ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ ከሌላ ከተማረው ፊት ዓይንና ጥርስ ወስዶ ይሞላል፤ የጥለቱን መስቀል ከማያውቀው ወደሚያውቀው ጌጥ ይለውጠዋል። ግድፈት የመሰለውን ቃል በራሱ ግምት የሚያቃና ቁም ጸሐፊ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ እርሱ ግን ቢያንስ የአገሩን ቋንቋ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል ለሳሎን ግድግዳ ይሁን፤ አብነት ሆኖ መቀመጥ ግን አይገባውም።

ቁጥር ከክር የሚበልጥበት አንድ ነገር ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋራ ፍጹም እኩል መሆኑ ነው። የሚያንስበትም አለ። ክር ሲያረጅ ሥዕሉ እየነጠበ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ፋይል ግን ያለ ምንም ምልክት በአንድ ቀን ይጠፋል። በተለያየ ቦታ ሦስት ቅጂ ማኖርና በየጊዜው የፋይሉን መለያ ቁጥር እያመሳከሩ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎች ታሪክ በዚህ ረገድ ምሳሌ ይሆናል። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በሚኒሶታ በሚገኘው የኮሌጅቪል መዘክር ትብብር ከ9,000 በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመት መዝገባቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ማይክሮፊልሙ በተራው አርጅቶ ወደ ዲጂታል መለወጥ ሲያስፈልገው ሥራው የተቻለው ፊልሙ በአንድ ቦታ፣ በቁጥሩ ተመዝግቦ ስለ ተቀመጠ ነው። የሠርግና የልቅሶ ካሴት ግን መዝገብ የለውም። ያለበትን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ሲሞት ልጆቹ ዴክ ስለሌላቸው ምን እንደሆነ ሳያዩ ከሌላ ዕቃ ጋራ ያወጡታል።

ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላም ቢሆን መቀመጥ አለበት። በጀርባው ያለው የእጅ ጽሑፍ፣ በሣጥኑ ውስጥ የገባው የቀራጩ ካርድና የላኪው ማስታወሻ፣ አልፎ አልፎም በመንገደኛ እጅ ሲላክ የተጻፈበት አድራሻ፣ ከሥዕሉ የማይገኝ ማስረጃ ይሰጣሉ። ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በፈቃደኛ ባለሙያዎች የዳበረ አዲስ ዘዴ የዴኩን የሥዕል ማቀናበሪያ ሁሉ ትቶ፣ ምልክቱን ከሄዱ ላይ እንደ ወጣ በቀጥታ ይቀዳና ሥዕሉን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ያወጣዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሥዕል ዴኩ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል፤ በጠርዙ ያለው ዘፈንና በሥሩ ያለው ምርቃትም በዚያው ሥራ ለየብቻ ይወጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ግን የመጀመሪያው ክር ራሱ ነው፤ ፕላስተር የተለጠፈበትም ቢሆን።